የስፌቱ ምልክት

አሰልጣኝ ሬይ ሃርላን ማክሰኞ ጠዋት በኮሌጁ ቤዝቦል ሜዳ ጥግ፣ ዙሪያውን በመረብ በታጠረው መለማመጃ ውስጥ በጎኑ ተዘርሮ ተገኘ። ከቀኝ ጆሮው በላይ ያለው ቦታ አብጦ ጠቁሯል። አምስት ርምጃ ራቅ ብሎ፣ ኳስ የሚወረውረው ማሽን ማንም ሳያጠፋው ያጓራል።

መርማሪ እስከዳር ስትደርስ አምቡላንሱ ሰውየውን ይዞ ሄዷል። ያገኘው የሜዳው ሠራተኛ ማኑሄ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ በሩ ላይ ቆሟል። በአማርኛ ሰላም ስትለው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ አገኘኸው?»

«ሲክስ ፊፍቲ አካባቢ። የአምቡላንሱን ድምፅ ሰምቼ… ማለቴ፣ እኔ ስገባ እነሱም እየደረሱ ነበር።»

«ሶ፣ አምቡላንሱን የጠራኸው አንተ አይደለህም?»

«አይደለሁም። ማን እንደጠራም አላውቅም።»

አብሯት የሚሠራው ጋርዛ በወጣትነቱ ቤዝቦል ተጫውቷል። ማሽኑን አጠፋና፣ ሰውየው ኳስ ሲሞላ ፊት ለፊቱ ቆሞ ተመትቶ ይሆናል አለ። እስከዳር ግን እዚሁ አቅራቢያ ሌዊስቪል ከተማ አድጋ አንድም ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። መሬት ላይ ከተበተኑት ኳሶች አንዱን አነሳች። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው።

«ኳስ እንዲህ ነው እንዴ?»

«የማሽን ኳስ ነው» አላት ጋርዛ። «የቆዳው ኳስ በማሽኑ ጎማዎች መሀል ሲያልፍ ስፌቱ ይበጣጠሳል። ለዚህ የሚጠቀሙት በላስቲክ የተሠራውን ነው።»

ኳሱን በማስረጃ ከረጢት ከተተችው። ምን እንደሚጠቅማት አላወቀችም፤ ልማድ ሆኖባት ነው።

ቢሮ ደርሰው የድንገተኛ ጥሪውን ቅጂ ሰሙ። ጥሪው የመጣው ከመሣሪያ ክፍሉ የግድግዳ ስልክ፣ በአገሬው ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 6:41 ላይ ነው። ድምፁ ሹክሹክታ ስለሆነ ወንድ መሆኑ ብቻ ይለያል። «ቤዝቦል ሜዳው ላይ ሰው ወድቋል። ጭንቅላቱን ተመትቷል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ ለሐኪሞቹ ንገሯቸው። እባካችሁ ፍጠኑ።» ስልኩ ተዘጋ።

ቀጥሎ የዋናውን በር መዝገብ አዩ። በሩ የሚከፈተው በመታወቂያ ካርድ ነው፤ ካርዱ የተነካበትን ደቂቃም ይመዘግባል። ያን ቀን ጠዋት የገባው አንድ ካርድ ብቻ ነበር፤ በ6:12። የካርዱ ባለቤት ኤልዳድ በየነ ይባላል።

ጋርዛ ስሙን አንብቦ ወደ እስከዳር ዞረ። እሷ ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

*

ኤልዳድ የቡድኑ ምርጥ ፒቸር ነበር፤ ማለትም ኳስ ወርዋሪው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ፈርሞ ለኮሌጁ ደብዳቤ አስገብቷል። ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። አሰልጣኙ ስህተት የሠራ ተጫዋች መረብ ተደግፎ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቆም ካደረገ በኋላ በቅርበት ኳስ እንደሚወረውርበት፣ በነሐሴ ሙቀት ውኃ ከልክሎ እንደሚያስሮጥ፣ የተጎዳን ተጫዋች «ፈሪ» እያለ ሜዳ እንደሚያስገባ ይዘረዝራል። የኤልዳድ ክርን አብጦ ሳለ በአንድ ጨዋታ መቶ አርባ አንድ ጊዜ እንዲወረውር ተደርጓል። የኮሌጁ አጣሪ ኮሚቴ ሐሙስ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዟል።

ምክትል አሰልጣኙ ዌስ ቲልማን እስከዳርን በሃርላን ቢሮ ተቀበላት። ግድግዳው ሃያ ስድስት የቡድን ፎቶግራፎች ተደርድረውበታል፤ በየዓመቱ አንድ። ዌስ አርባ ዓመት አይሞላውም። ሰፊ ትከሻ፣ ዝግተኛ ንግግር ያለው ሰው ነው።

«የጭንቅላቱ ደም ቆመ?» አለ ገና ሳትቀመጥ።

«ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ሌላ የማውቀው የለም።»

«ይተርፋል ግን?»

«ይተርፋል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። አንተ ዛሬ ስንት ሰዓት መጣህ?»

«ሰባት ተኩል። ፖሊስ በሩ ላይ ነበር።»

ስለ ደብዳቤው ስትጠይቀው መስኮቱን አየ። ሬይ ከባድ ሰው ነው፤ ግን ከዚህ ሜዳ ዘጠኝ ልጆች ፕሮፌሽናል ሆነዋል አለ። አነጋገሩ በቃሉ የያዘውን እንደሚደግም ሰው ነበር።

«ኤልዳድ ይጠላዋል?»

ዌስ ዓይኑን ከመስኮቱ ወደ እሷ መለሰ። «ኤልዳድ ማንንም የሚጠላ ልጅ አይደለም» አለ። እስከዳር ይህን እንዳለ ጻፈችው።

ሆስፒታል ስትደርስ ቀዶ ጥገናው አልቋል። ሐኪሙ ሰውየው እንደሚተርፍ ነገራት። «ደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ ገና በአምቡላንስ ሳለ ባናውቅ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሬሳ ነበር» አላት። ቀጥሎ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሳውን የቁስሉን ፎቶግራፍ አሳያት። በጠቆረው ቆዳ ላይ ሁለት ረድፍ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ጎበጥ ብለው ይታያሉ፤ መርፌ እየተሰካ የተነቀለበት ይመስላል።

እስከዳር ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ስፌት ነው» አለች።

የማሽኑ ኳስ ስፌት የለውም። እንግዲያው ሃርላንን የመታው በሰው እጅ የተወረወረ እውነተኛ የቆዳ ኳስ ነው ማለት ነው። ለጋርዛ ደውላ ነገረችው።

«እንግዲህ በዚያ ሜዳ እንደዚያ የሚወረውር ማን ነው?» አለ ጋርዛ። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ኤልዳድ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ዘግቷል።

*

የኤልዳድ እናት ወይዘሮ ሮማነወርቅ በካሮልተን ከተማ፣ ግሪን ላይን ከሚባለው የባቡር መስመር ጣቢያ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ። በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናቸው። የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በሩን ከፈቱ፤ የእስከዳርን መታወቂያ አዩና በሩን እንደያዙ ቆሙ።

«እትዬ ሮማነወርቅ፣ ኤልዳድን ለማነጋገር ነው የመጣሁት።»

«የለም። የት እንዳለ አላውቅም።»

«ዛሬ ጠዋት የት እንደነበር ያውቃሉ?»

«አላውቅም አልኩሽ እህቴ።»

እስከዳር አልገፋቻቸውም። ከበሩ ሳታልፍ ነገሩ ያለበትን ሁኔታ ነገረቻቸው፤ ካርዱ በሩን እንደከፈተ፣ የመታው ኳስ በጠንካራ ክንድ የተወረወረ እንደሆነ፣ ልጁ በተደበቀ ቁጥር ነገሩ እየከበደበት እንደሚሄድ።

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ተወረወረ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ በየትኛው እጁ ሊወረውር?» አሉ፤ ቁልፋቸውንም ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። «ነይ፣ ተከተይኝ።»

አሥር ደቂቃ ነዱ። ቤተሰቡ የሚሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ የምንጣፍ መጋዘንና በአንድ ጎማ ቤት መሀል ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ መድረኩ ላይ፣ ከከበሮዎቹ ኋላ፣ አንድ ረጅም ልጅ ተቀምጧል። ቀኝ ክንዱ ከጡንቻው እስከ አንጓው በጥቁር ማሰሪያ ተይዟል።

«ማሚ፣ ለምን አመጣሻት?» አለ ተነስቶ።

«ተቀመጥ። ንገራት።»

ኤልዳድ ተቀመጠ። እስከዳር ከፊቱ ወንበር ሳበች። አማርኛው በእንግሊዝኛ ዜማ የተቃኘ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ያወራል።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግሬፕቫይን ከተማ ነበርኩ። ክርኔን ኤምአርአይ አደረግኩ። ላይክ፣ ሲክስ ላይ ቼክ ኢን አደረግኩ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«የኮሌጁ ዶክተር ክርንህ ደህና ነው ብሎ ጻፈ። ኮች ደግሞ ይህ ልጅ ውሸታም ነው አለ። ሶ፣ ሌላ ቦታ መታየት ፈለግኩ፤ ኮች ሳይሰማ። ሐሙስ ለኮሚቴው ልሰጥ። ከዚያ ስወጣ ግሩፕ ቻቱ ላይ ሁሉም ኤልዳድ ነው ይላሉ። ፈራሁ። ፎኔን ዘጋሁ።»

«ካርድህስ?»

«ካርዴ የለኝም። ደብዳቤውን ያስገባን ቀን ኮች ወሰደው። አንተ የዚህ ቡድን አይደለህም፣ ስጠኝ አለኝ። ዴስኩ ውስጥ ከተተው።»

እስከዳር ብዕሯን አቆመች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከቦርሳቸው ሲዲና አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ወረቀቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት 6:03 ይላል፤ ምስሉ የተነሳው በ6:24 ነው። ከታች የሐኪሙ አስተያየት አለ፤ የክርኑ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል።

«በዚህ ክንድ ኩባያ ማንሳት ያቅተዋል» አሉ እናትየው። «ጸጉሩን የማበጥርለት እኔ ነኝ።»

«ማሚ» አለ ኤልዳድ አፍሮ።

እስከዳር ወደ ምርመራ ማዕከሉ ደወለች። እንግዳ ተቀባይዋ ረጅሙን ልጅ አስታወሰችው፤ ፎርሙን በግራ እጁ ለመሙላት ሲታገል እሷ ነበረች የጻፈችለት። ሁሉም ገጠመ። ስልኩን ስትዘጋ እናትና ልጅ ሁለቱም ያይዋታል።

«ልጅዎ እዚያ አልነበረም» አለች። «ይህን እኔ እመሰክራለሁ። ግን ማን እንደነበር እስካገኝ ድረስ ስሙ ከሰው አፍ አይወጣም። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።»

ኤልዳድ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያልጠበቀችውን ጠየቃት።

«ኮች ይሞታል እንዴ?»

«አይሞትም። ደም ማቅጠኛ ስለሚወስድ አስግቶ ነበር፤ ግን ደርሰውለታል።»

«ደም ማቅጠኛ? ኮች ታማሚ ነው እንዴ?» አለ ኤልዳድ በመገረም። «እሱ ሁሌም ታምሜ አላውቅም ነው የሚለው። ሕመም የደካማ ነው ይላል።»

*

ረቡዕ ጠዋት ጋርዛ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። የሜዳ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ካሜራ የማኑሄን ፒክአፕ በ5:55 ሲገባ ያሳያል። ሰውየው 6:50 ላይ ነው የደረስኩት ብሏል፤ ትራክተር የሚገባበት፣ ካርድ የማይፈልገው የኋላ በር ቁልፍም እጁ ላይ ነው።

እስከዳር ሜዳው ዳር አገኘችው። ካሜራውን ስትነግረው ተንበርክኮ ያስተካክል የነበረውን የውኃ ቱቦ ለቀቀ።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «ማታ ማታ መጋዘን እሠራለሁ። ከዚያ ቀጥታ እዚህ መጥቼ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት እተኛለሁ። ቦሴ ቢሰማ ያባርረኛል ብዬ ነው። የቀሰቀሰኝ አምቡላንሱ ነው።»

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ወደ ትራክተሩ በር አየ። «ገና መኪናዬን ሳቆም ያ በር ቁልፉ ወልቆ ነበር። ሰኞ ሳልቆልፈው ሄጄ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እኔ ግን እቆልፋለሁ። ሁሌም እቆልፋለሁ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበሩ ሰዎች አላቸው ይባላል። ማን እንደሆኑ አላውቅም።»

ስለዚህ ያን ጠዋት ሁለት ሰው ገብቷል። አንደኛው ከ5:55 በፊት በትራክተሩ በር፣ ሁለተኛው በ6:12 በኤልዳድ ካርድ። እስከዳር ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የሃርላን ካርድ ይሠራል? አይሠራም አላት። ማጣራቱ እስኪያልቅ ሜዳው እንዳይደርስ ታግዶ፣ ካርዱ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

*

ሃርላን ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ድምፁ አሁንም የሜዳ ድምፅ ነው።

«ማን መታዎት?» አለች እስከዳር።

«አላየሁም። ልጁ ይመስለኛል። ደብዳቤ ጸሐፊው።»

«ኤልዳድ ያን ሰዓት ግሬፕቫይን፣ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ነበር። ክርኑ ተበጥሷል፤ ኳስ ሊወረውር አይችልም። በሩን የከፈተው ካርድ ግን የእሱ ነው፤ እርስዎ ነጥቀው መሳቢያዎ ውስጥ ያስቀመጡት። የእርስዎ ካርድ ደግሞ ተዘግቷል።»

ሃርላን ፋሻውን በጣቱ ዳሰሰ።

«በእሱ ካርድ የገቡት እርስዎ ነዎት፣ አሰልጣኝ።»

«ተበጥሷል?» አለ ሃርላን።

«ሙሉ በሙሉ።»

እጆቹን አንሶላው ላይ አየ።  ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብበት ያደረችውን ጠየቀችው።

«ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ ተጫዋቾቹ ያውቃሉ?»

«ማንም አያውቅም። ያ የኔ ጉዳይ ነው። ባለፈው ክረምት ዌስ እዚህ ሲያመጣኝም ለማንም እንዳይናገር…»

አቆመ። ምን እንደተናገረ ከእስከዳር ፊት አነበበው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱ ነው አምቡላንስ የጠራው?»

«አንድ ሰው ጠርቷል። ስለ መድኃኒቱም ተናግሯል። በዚያ ምክንያት ነው የተረፉት።»

ሃርላን ዓይኑን ጨፈነ። «ያ ልጅ እዚያ አልነበረም» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። በካርዱ የገባሁት እኔ ነኝ። እፈርማለሁ።»

*

ዌስን ሜዳው መሀል፣ ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበትን ጉብታ ሲደለድል አገኘችው። ማንም ልምምድ የለውም፤ እሱ ግን አፈሩን ያስተካክላል። ስትቀርብ መደልደያውን መሬት ላይ አስተኛው።

«ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበር» አለ።

መብቱን ነገረችው። ጠበቃ እንዲጠራ ብትጠይቀውም አልፈለገም፤ ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዌስ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ለሃርላን ይጫወት ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። ትከሻው በሃያ ዓመቱ ተበላሸ። ሃርላን «ልብ የለህም» ብሎ አሰናበተው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጠርቶ ሥራ ሰጠው። ያን ጊዜ ይቅርታ መስሎት ነበር።

«ጥቁር ማስታወሻ ደብተር አለው» አለ ዌስ። «እያንዳንዱን ቅጣት ይጽፍበታል። ማን ስንት ጊዜ ሮጠ፣ ማን ስንት ኳስ ቻለ። ኮሚቴው ስለ ደብተሩ አያውቅም። ሰኞ ከመሳቢያው ወሰድኩት። ማክሰኞ በጠዋት መጣሁ፤ ማሽኑን ከፍቼ፣ ላስረክበው ወይስ አላስረክበው እያልኩ ኳስ በዱላ ስመታ ነበር። እሱ ደግሞ ከሜዳው ውጭ ካለው ቢሮው ደብተሩን ቢያጣው ፍለጋ መጣ።»

«ምን አለህ?»

«አስረክባለሁ ስለው ሳቀ። ግማሹ ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እያዘዘኝ እጽፍ ነበር። የኤልዳድን መቶ አርባ አንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በመቶኛው ላይ አስቁመው ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቆጠራውን ቀጠልኩ።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ከዚያ ልብ የለህም አለኝ። ያንኑ ቃል። ሳስብ የማገላብጠው የቆዳ ኳስ እጄ ላይ ነበር። ከጎኑ ያለውን መረብ ልመታ ነው የወረወርኩት። በሙሉ ኃይሌ ወርውሬ አላውቅም፣ ከሃያ ዓመቴ ወዲህ። ኳሱ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።»

«ከዚያ ደወልክ።»

«ደወልኩ። አምቡላንሱ ሲቃረብ፣ በአሮጌው ቁልፌ ከፍቼ በገባሁበት በትራክተሩ በር ሸሸሁ። ተመልሼ ስመጣ ሁሉም ኤልዳድ ኤልዳድ ይላሉ። አንቺ ፊት ተቀምጬ እንኳ አልተናገርኩም። ከኳሱ በላይ የማፍረው በዚያ ነው።»

ተነስቶ ወደ መኪናው ወሰዳት። ደብተሩ ከወንበሩ ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። አውጥቶ ሰጣት። ከዚያ እጁን ለካቴና ዘረጋ። እስከዳር ካቴናውን ከቀበቶዋ አላወጣችም።

«ከፊት ወንበር ተቀመጥ» አለችው። «አብረን እንሂድ።»

*

ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሁለት ወረቀት አስቀድሞ ደረሰው። አንዱ ሃርላን ከሆስፒታል የላከው የሁለት መስመር የሥራ መልቀቂያ ነው። ሌላው ካርዱን በሚመለከት የፈረመው ቃል ነው። ደብተሩ ገጽ በገጽ ተነበበ፤ ዘጠኙም ተጫዋቾች የጻፉት አንድም ነገር ውሸት ሆኖ አልተገኘም። የኤልዳድ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲቀጥል፣ ቀዶ ጥገናውም በኮሌጁ ኃላፊነት እንዲደረግለት ተወሰነ። ሐኪሙ ከአንድ ዓመት በኋላ መልሶ ሊወረውር ይችላል ብሏል። የዌስ ጉዳይ ወደ ዓቃቤ ሕግ ሄዷል። እስከዳር መዝገቡ ላይ የስልክ ጥሪውን ቃል በቃል አስገብታለች።

ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ገደማ፣ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ደወለች። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ማን እንደወረወረ፣ ማን በካርዱ እንደገባ፣ የኤልዳድ ስም ከመዝገቡ እንደወጣ፣ ኮሚቴው ምን እንደወሰነ።

ስትጨርስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እትዬ ሮማነወርቅ? ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ። ቆይ፣ ልቀመጥ።» የወንበር ድምፅ ተሰማ። 

«እሱን ይጠሩልኛል? እኔው ልንገረው?»

«ተኝቷል» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም። ሶፋው ላይ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። ይተኛ እህቴ። ሲነሳ እነግረዋለሁ።»